የአንኮበር ቤተ መንግሥት

የአንኮበር ቤተ መንግሥት በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አንኮበር በተራራ ጫፍ ላይ የነበረ የሸዋ ገዢዎች መቀመጫ ነው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ ምኒልክ ዘመን አገልግሏል። በእንጨት የተሠራው ቤት ዛሬ የለም፤ ከጥንቱ ግቢ የሚታየው የድንጋይና የኖራ ግንብ ቅሪት ነው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚታወቀው በአብዛኛው በጊዜው የመጡ የውጭ አገር እንግዶች ከተዉት ጽሑፍና ሥዕል ነው።

አቀማመጥ

አንኮበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ደጋው አልቆ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ትገኛለች። ስሟ በአፈ ታሪክ «የአንኮ በር» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል። አንኮ በአካባቢው የነበረች የኦሮሞ ባላባት እንደነበረች ይተረካል። ቦታው ለመቀመጫነት የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ኮረብታው ለመከላከል ይመቻል። ሁለተኛ፣ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ በኩል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባም የዚህ ንግድ ገበያ ነበረች።

ታሪክ

አንኮበርን የሸዋ መቀመጫ ያደረጓት መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ናቸው። ከተማዋ በይበልጥ የታወቀችው ከ1806 እስከ 1840 ዓ.ም. በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ንጉሡ በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው አንጎለላም ሌላ መቀመጫ ነበራቸው።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ በ11 ዓመታቸው ተይዘው ሄዱ፤ በኋላም በመቅደላ ኖሩ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ፤ በአንኮበርም ቤተ መንግሥታቸውን አቋቋሙ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በምኒልክ ጥሪ ወደ ሸዋ የመጣው በዚህ ዘመን ነው። ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አቅራቢያ ሌት ማረፊያ በተባለ ቦታ መሬት ሰጥተዋል። በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ከጣሊያን መልእክተኛ ከፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል በአንኮበር ተፈርሟል።

በሥዕልና በጽሑፍ

በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሣህለ ሥላሴ መጣ፤ በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ወርም ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ሃሪስ ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ኮረብታውን የሸፈኑትን የሣር ክዳን ቤቶች፣ ከጫፍ ላይ የተሠራውን ቤተ መንግሥትና በዙሪያው የነበረውን የእንጨት አጥር ገልጿል። ከቡድኑ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ደግሞ የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ የሚያሳዩ ሥዕሎችን በሁለት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1852 አሳትሟል።

እነዚህ ሥዕሎች ፎቶግራፍ በአገሪቱ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ በመሆናቸው ትልቅ ዋጋ አላቸው። ሆኖም የሚያሳዩት የሣህለ ሥላሴን ዘመን እንጂ የምኒልክን አይደለም። ምኒልክ ሥዕሎቹ በተሠሩበት ጊዜ ገና አልተወለዱም። የበርናትዝን ሥዕል «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብሎ ማቅረብ ስለዚህ ስሕተት ነው።

መዳከም

ምኒልክ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት ጠመንጃ ለመሸጥ አንኮበር የደረሰው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ምኒልክን በዚያ አላገኛቸውም፤ ለመገናኘት እስከ እንጦጦ መሄድ ነበረበት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ሲደርስ የጥንቱ የሲራራ መንገድ ጥቅሙ ቀነሰ። እንጨትና ሣር በየጊዜው ካልታደሰ አይቆይም፤ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ቤቱም እየፈረሰ ጠፋ።

ዛሬ

በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የጥንቱን አሠራር እንዲያስታውስ ተደርጎ የተሠራ ሎጅ ይገኛል። ሎጁ አዲስ ሕንፃ በመሆኑ ከጥንቱ ቅሪት ጋር መምታታት የለበትም። ጎብኚዎች ወደ ቦታው የሚወጡት በእግር ሲሆን፣ ከላይ ሆኖ በስተምሥራቅ ወደ አዋሽ የሚወርደው ቆላ ይታያል። የነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢው እስከ ዛሬ አገልግሎት ይሰጣሉ።