በሊፍት ወደ ደብረ ዘይት (ወንበራ)

ደብረ ዘይት በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የወንበራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቢሾፍቱም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ትጠራ ስለነበር አዲስ አበባ መናኸሪያ ውስጥ «ደብረ ዘይት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምሥራቅ ሸዋ ሊገኝ ይችላል፤ «ወንበራ» ማለት ይሻላል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ እንጅባራ ይደርሳል። እዚያ የባሕር ዳሩን አስፋልት ትቶ በቻግኒ በኩል መተከል ይገባና በቡለን አድርጎ ወደ ወንበራ ይዘልቃል። አውቶቡስ ያጣ ሰው የጭነት መኪና ይለምናል። በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች ሊፍት ሁልጊዜ ነፃ አይደለም፤ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ሂሳብ ስለሚቀበል ጋቢና ከመግባት በፊት ዋጋ መነጋገር ይገባል። ጭነት ላይ መውጣት አደገኛ ነው።

አስቸጋሪው ጉዞ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ ነው። ዓባይ ወንበራን ከደቡብ ስለሚያዋስን፣ የተለመደው መንገድ ወደ ቡሬ ተመልሶ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያም በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ ማለፍ ነው። ይኸውም የክልሉ ነዋሪ የራሱን ዋና ከተማ ለማየት በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ዞሮ ይገባል ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ስለዚህ ከቻግኒ ወዲያ ለሚሄድ ሰው የመኪና መገኘት ብቻውን አይበቃም፤ የመንገዱን ደኅንነት በዕለቱ ከዚያ ከመጡ ሾፌሮች ጠይቆ መነሣት ያስፈልጋል።