ስሕተት ቆጠራና የጉዳት ልክ፦ ከአለርት መዝገብ የሚነሣ ሙግት

ሕክምና በታካሚ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተመለከተ በኢትዮጵያ ተደጋግመው የሚጠቀሱት ጥናቶች የነርስን እጅ የሚከተሉ ናቸው። መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጠ? ካርዱ ላይ ተፈረመ? የዚህ መጣጥፍ ሙግት፣ በዚህ መንገድ የሚለካው ሥነ ሥርዓት እንጂ ጉዳት አይደለም የሚል ነው። የተሻለው ማስረጃ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ካለው አለርት ሆስፒታል ወጥቶ ሳለ ከክርክሩ ውጭ ቀርቷል።

የውጭውን ታሪክ ማሳጠር ይቻላል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት በኒውዮርክ ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙት 3.7 በመቶው በሕክምናው መጎዳታቸውን ከካርዶች አወጡ። ሮስ ዊልሰንና ባልደረቦቹ በ2012 ኬንያንና ሱዳንን ጨምሮ በስምንት አገሮች ካርድ መርምረው 8.2 በመቶ አገኙ። ኢትዮጵያ አልተካተተችም።

ክፍተቱን የሞላው ስሕተት ቆጠራ ነው። በ2015 የታተመው የባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ጥናት 360 የመድኃኒት አሰጣጦችን በዐይን ተከታትሎ የስሕተቱን መጠን 56.4 በመቶ አድርሶታል። በዝርዝሩ ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው የምዝገባ ጉድለት ሲሆን 87.5 በመቶ ነው። አንዱ ክፍል ከድምሩ እንዴት እንደሚበልጥ አንባቢው ራሱ ይፍታው። ከዚህም የሚብሰው፣ ነርሷ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው ሰዓት ሰጥታ መፈረም ብትረሳ በዚህ ቀመር አንድ ስሕተት ይቆጠርባታል፤ ታካሚው ግን ምንም አልሆነም።

ጅማ ላይ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል በ2012 የታተመ ጥናት ከ1,200 አሰጣጦች 51.8 በመቶው ስሕተት እንዳለበት ዘገበ። በዚያው ሆስፒታል 634 ሕፃናትን የተከታተለ ሌላ ጥናት ግን ካርድ ማየት ብቻ አልበቃውም፤ የሐኪሞች ጉብኝት ላይ ተገኘ፣ ወላጆችን ጠየቀ። ውጤቱ በመድኃኒት ምክንያት የደረሱ 58 ጉዳቶች፣ ማለትም ከመቶ ገቢ ታካሚ 9.2 ሆነ። ክፍሎቹ ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን ማነጻጸር ጥንቃቄ ይሻል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ መከላከል ይቻል የነበረው ከጉዳቶቹ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነበር። የቀረውን ስሕተት ፈላጊ ቅጽ አያገኘውም።

የሥጋ ደዌ የሚታከምበት አለርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን ከሚያጠቁት ሪአክሽን የሚባሉ የሰውነት መቆጣቶች አንዱ ኢኤንኤል የሚባለው ሲሆን፣ ትኩሳትና የሚያም እባጭ እያስከተለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለሳል። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ያዛል፤ ትእዛዙም ትክክል ነው። መጠኑ ሲቀነስ እባጩ ይመለሳል፣ መጠኑም እንደገና ከፍ ይላል። በዚህ መሐል ስኳር፣ የዐይን ሞራ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ሌላም ኢንፌክሽን ይከተላል። ስቲቨን ዎከርና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት በሆስፒታሉ ተኝተው የታከሙትን መዝገብ አገላብጠው፣ ኢኤንኤል ካለባቸው ታካሚዎች መካከል የሞቱት ሌላው ዓይነት ሪአክሽን ካለባቸው እንደሚበልጡ አሳዩ፤ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን የሚወሰደውንም ስቴሮይድ ከሞቱ ጋር አያያዙት። መነሻቸው የሰው መጨረሻ እንጂ የነርስ ፊርማ አልነበረም።

«በሽታው ራሱ ይገድላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ በአንድ ገላ ላይ የበሽታንና የመድኃኒትን ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ነው፣ ሆኖም ካርድ የሚመረምር ሁሉ የሚገጥመው ችግር ነው። ሌሎች ጥናቱ ከአንድ ሆስፒታል የመጣ ነው ይላሉ። ፈለገ ሕይወትስ ስንት ሆስፒታል ነው?

ጉዳትን በዚህ መንገድ የመከታተሉ ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሦስት ወር በላይ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱትን ከፋርማሲው መዝገብ ለይቶ፣ ካርዳቸውን ከካርድ ክፍል አውጥቶ፣ በየቀጠሯቸው ስኳራቸውን፣ ዐይናቸውን፣ ሳላቸውንና ክብደታቸውን መመዝገብ ይቻላል፤ ከቀጠሮ የቀረውንም ስልክ ደውሎ መጠየቅ።