ቁም ነገር ወይስ ተረት? የ900 ዓመት ክርክር



ከመካነ ኢየሱስ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ በየከተማው የምንኖር ወጣቶች አንድ ነገር እናውቃለን። ልብ ወለድ ይዘን ስንገኝ «ተረት ከምታነብ ቁም ነገር አታነብም?» እንባላለን። አንዳንዶቻችን ደብቀን እናነባለን። ሌሎቻችን ልብ ወለዱንም ኪታቡንም ትተን ስልካችን ላይ ቀርተናል። ክርክሩ ግን በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም።

የስጋቱ ምክንያት ከባድ ነው። ነድር ኢብኑል ሓሪስ የተባለው የመካ ሰው የፋርስ ነገሥታትን ታሪክ እየተረከ ሰዎችን ከቁርኣን ለማዘናጋት ይሞክር እንደነበር የሲራ ኪታቦች ይነግሩናል። በዚህ የተነሳ ብዙ ዓሊሞች ተረትን በጥርጣሬ ማየታቸው አይገርምም። ኢብኑ ነዲም በ377 ዓመተ ሂጅራ ባዘጋጀው የኪታቦች መዝገብ «ሺህ አንድ ሌሊት» የተወለደበትን የተረት መጽሐፍ ጣዕም የሌለው ብሎ አጣጥሎታል።

ሌላም መንገድ ነበር። በ255 ሂጅራ የሞተው የበስራው ጃሒዝ በኪታቦቹ ውስጥ ቁም ነገሩንና ቀልዱን ሆን ብሎ ይቀላቅል ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንባቢ ይሰለቻል፤ የሰለቸ አንባቢ ደግሞ ኪታቡን ያጥፈዋል።

ክርክሩ የጋለው በሐሪሪ ጊዜ ነው። በ516 ሂጅራ (1122 እ.ኤ.አ.) የሞተው ይህ የበስራ ሰው 50 «መቃማት» ጻፈ። ባለታሪኩ አቡ ዘይድ አንደበተ ርቱዕ አታላይ ነው፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ በንግግሩ ውበት የሰዎችን ኪስ ያራግፋል። ሐሪሪ ወቀሳ እንደሚመጣ አውቆ በመግቢያው አስቀድሞ መለሰ። እንስሳት የሚናገሩባቸውን ተረቶች ማንም ሐሰት ብሎ አላወገዘም፤ የእኔም ለትምህርት የተጻፈ ነው፤ ሥራም በኒያ ይመዘናል አለ።

የባግዳዱ ኢብኑል ኸሽሻብ ግን አልተቀበለውም። እንስሳ እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይታለልም። አቡ ዘይድ ግን በእውን ሊኖር የሚችል ሰው ስለሆነ ነገሩ ውሸት ነው ሲል ተቸ። ኢብኑ በሪ ደግሞ ለሐሪሪ ጠበቃ ሆኖ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች መጽሐፉን ቃል በቃል አንብበውታል። ያላነበበ አልተከራከረም። መቃማቱም ለዘመናት ዐረብኛ የሚማሩ ደረሶች የቋንቋ መማሪያ ሆኖ ቆየ።

ወደ ቅርባችን እንምጣ። ከስማዳ ወዲያ በሽሎን ሲሻገሩ ወሎ ነው። እዚያ እንደ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር ያሉ ዓሊሞች በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ መንዙማ ጽፈዋል። መንዙማ ልብ ወለድ አይደለም። ነገር ግን ፊቅሁን ቁጭ ብሎ መቅራት ያልቻለው ገበሬም እረኛም በዜማ እየተደሰተ ዲኑን ተምሮበታል። ደስታው ለቁም ነገሩ መንገድ ሆነ እንጂ አልሻረውም።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ የመጣው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ካሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ስሙ «ከልብ የተወለደ ነኝ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። ኢብኑል ኸሽሻብ የፈራው መታለል እዚህ ላይ ይቀላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው፣ ጥያቄው «ተረት ነው ወይስ ቁም ነገር?» ብቻ እንዳልሆነ ነው። የነድር ጥፋት መተረኩ ሳይሆን በተረቱ ሰዎችን ከምን እንዳራቀ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ስናነሳ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ እውነት ሳይሆን እውነት ነኝ ይላል? ከምን ያርቀናል? ስንዘጋው ምን ይተውልናል? ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ወንድማችን ኪታቡን እንዳይረሳ እንምከረው፤ ለደስታ የምታነበውን እህታችንን ግን አናሳፍራት። አሳፍረን ያስጣልናት መጽሐፍ የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል።

ወላሁ አዕለም።