ከፕሌይዶው በፊት ጭብጦ ነበር

ልጆቻችን የሚወዱት ፕሌይዶው እኮ መጀመሪያ መጫወቻ አልነበረም! አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ እየተቦካ የሚሸጥ የግድግዳ ወረቀት ማጽጃ ነበር፤ የከሰል ጥላሸት ያነሳል። ሰዉ ቤቱን በጋዝ ማሞቅ ሲጀምር ገበያው ቀዘቀዘ። ከዚያ አንዲት የሕፃናት መምህርት ልጆችን አጫወተችበትና እ.ኤ.አ. በ1956 መጫወቻ ሆኖ ወጣ።

እኛ ጋ ግን ጭብጦ አለ። ስሙም ከመጨበጥ የመጣ ነው። የገብስ በሶ በውሃና በትንሽ ጨው ታሽቶ፣ በእጅ ተጨብጦ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነበር። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ እሳት አይፈልግም። የጥሬ ስንዴ ሊጥ ግን የልጅ ሆድ ሊያሳምም ይችላል፤ የፋብሪካውም ለመብል አልተሠራም።

ስለዚህ እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ እኔ ቤት፣ የልጆች ሊጥ በሶ ነው። በሬ ይሠሩና ከቀንዱ ጀምረው ይበሉታል።