ፈረስና ክረምት በጨፋ ዳር

ከጋማ ከብት ሁሉ ደጋን አጥብቆ የሚወደው ፈረስ ነው። ከሚሴ ግን ቆላ ቀመስ አገር ነች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ቦርከና ከኩታበር ከፍታዎች ተነሥቶ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ እዚህ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ የጨፋ ረግረግ የሚባለውም ይኸው ነው። ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ጨፌ ማለት እርጥበት የማይለየው ለምለም መስክ ማለት ነው። በጋ ሲበረታ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ አርቢዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ይወርዳሉ። ፈረስ ለያዘ ሰው ግን መስኩ ሁለት መልክ አለው። በበጋ ሣሩ ነፍስ ያድናል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ እዚያው ውሎ ማደር ፈረስ ያሳጣል።

ከሸለቆው በስተ ምዕራብ፣ ወደ ወረኢሉና ወደ ለጋምቦ ሲወጣ፣ አገሩ የፈረሰኛ አገር ነው። የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኛ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የሰሜኑን ፖለቲካ የሚያጋድል ክንድ ነበረ። ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ነበሩ፤ ዐፄ ምኒልክ ደግሞ አባ ዳኘው።

ይህ ሁሉ ፈረሰኛ ግን ለክረምት ይገዛ ነበር። ወንዝ ይሞላል፤ ጥቁር አፈሩ ማጥ ይሆናል፤ ብረት ጫማ የማያውቀው የአገሬው ፈረስ ሰኮናው በእርጥበት ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ክረምቱ የጎተራ መጉደያ ስለሆነ ለፈረስ የሚሰፈረው ገብስም ይሳሳል። ስለዚህ ጦር በክረምት ይከርማል፤ ዘመቻ የሚታሰበው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። የአድዋ ክተት በመስከረም 1888 ዓ.ም ሲታወጅ ዘማቹ ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ የተቀጠረው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ነበር፤ መሬቱ የሚጠነክርበት፣ ሣሩም ገና ያልደረቀበት ጊዜ ነው። ልጅ ኢያሱ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲሻሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሸዋ ውስጥ ሰገሌ ላይ ተዋጉ። ግልበጣው በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ፈረሰኛ በአንድ ወር ውስጥ ሸዋ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። የውጭ ጦርም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ አገር የገባው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ የሚሽቀዳደመው ከክረምቱ ጋር ነበር፤ መቅደላም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ተያዘች።

ከጭቃው የከፋው ግን በሽታው ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው የቫይረስ ደዌ ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ከትንኝ ያነሰች፣ በእርጥብ አፈር የምትራባ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የምትናከስ ዝንብ ነች። ሳይንስ ይህን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1944 በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሆኖም ዝናብ ሲዘንብ ቆላ ፈረስ እንደሚገድል የደጋው ሰው ቀድሞ ያውቅ ነበር። በሽታው ሳንባ ላይ ሲወድቅ ፈረሱ ትንፋሽ አጥሮት በአፍንጫው ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ልብ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ይሞላና ያብጣል፤ ያን ያየ ባለፈረስ ተስፋው ይመነምናል። በከፋ ወረርሽኝ ከአሥር ፈረስ ዘጠኙ ሊያልቅ ይችላል። በቅሎ ላይ ሞቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ አህያ ላይ ቢበዛ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ወደ ባቲና ወደ ሰንበቴ ገበያ በሚወርደው መንገድ ጭነቱ በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ጀርባ ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈረሱን ቆላ ላይ ማክረም ግድ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከመስክ ይመለሳል፤ ጋጣው ደጅ ላይ እርጥብ ኩበት ይታፈንና ጭሱ ይለቀቃል። ጠዋት አንድ በአንድ እግሩ ይነሣል፤ በሰኮናው ስንጥቅ የገባው ጭቃና ፋንድያ በእንጨት ጫፍ ይጠረጋል። ሳይጠረግ ከከረመ ሰኮናው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ሽታው ከማንከሱ በፊት ይናገራል። ኮርቻው ሥር የሚገባው ደበሎ ወይም ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ከተጫነ ቆዳውን ይልጠውና ገጣባ ያወጣል። ገጣባ ደግሞ በክረምት አይደርቅም፤ ዝንብ ያርፍበታል።

የረግረጉ ውሃም የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱም አልቅት ነው። ከቆመ ውሃ የሚጠጣ ፈረስ አልቅት በአፍንጫው ወይም በአፉ ይገባበታል። ራሱን መወዝወዝና ከአንድ አፍንጫው ደም ማንጠባጠብ ሲጀምር ምክንያቱ ይታወቃል። ቀድሞ በአፍንጫው የትንባሆ ውሃ ይጨመርበት ነበር። ሌላው ዘዴ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ፈረሱን አስጠምቶ ንጹሕ ውሃ ማቅረብና አልቅቱ ውሃውን ፈልጎ ብቅ ሲል በጨርቅ ይዞ መሳብ።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን፣ የደሴንና የአስመራን መንገድ ሲሠሩ ፈረስ ሌላ ሥራ መጣለት። በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፋው ጋሪ የፈረሱን የክረምት ዕረፍት አስቀረበት። የጦር ፈረስ ክረምቱን ይከርማል፤ የጋሪ ፈረስ ግን ባለቤቱ በዕለት ገቢ የሚያድር ነውና ነሐሴም ይጎትታል። የዚህ ፈረስ ዋና ጠላት በቆዳው ሥር ቋጠሮ እየሠራ የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ ነው። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ያልደረቀ የመጎተቻ ጠፍር የፋቀው ትከሻ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ 18.8 በመቶው ታመው አግኝቷል። በሽታው የበዛው ሞቃትና እርጥበታማ በሆኑት ከተሞች ነበር። ይህን ያህል ፈረስ ቁስሉ እያዠ ጋሪ መጎተቱ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ለዚህ የፈንገስ በሽታ በአገሪቱ ክትባት የለም፤ የሚያድነው ጠፍሩን ማድረቅ፣ የታመመውን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋስና ትንሿን ቁስል ሳይንቁ ማጠብ ነው። ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ ግን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርታል። ክትባቱ አቅም እስኪያበጅ ሳምንታት ስለሚፈጅ በጨፋ ዙሪያ ላለ ፈረስ ጊዜው ግንቦት ነው፤ ረግረጉ ገና ሳይሞላ፣ ዝንቧም ሳትበዛ።