ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እና የአካል እንቅስቃሴ አቅም

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከሚዘልቁ የልብ ምት መዛባቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተራቸው ቀርቶ ይርገበገባሉ፤ ምቱም ሥርዓት ያጣል። ተቀምጦ ደህና የነበረ ታማሚ ደረጃ ሲወጣ ወይም ዳገት ሲጀምር ትንፋሹ ያጥራል፤ ልቡ ድው ድው ይላል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል።

አቅም የሚቀንስበት ምክንያት

ጤነኛ ልብ የታችኞቹ ክፍሎቹ ከሚሞሉት ደም ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከላይኞቹ ግፊት ነው። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይህ ግፊት ይቀራል። እንቅስቃሴ ምቱን ሲያፈጥነው ደግሞ የመሙያው ጊዜ ስለሚያጥር በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል። ችግሩ የሚበረታው ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭ በጠበበበት ሰው ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ መጥበብ በአብዛኛው በወቅቱ ያልታከመ የባክቴሪያ ቶንሲል ከሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት የሚመጣ በመሆኑ ወጣቶችንም ያጠቃል። ምትን ለማዘግየት የሚታዘዙት ቤታ ብሎከሮችም በአንዳንዶች ላይ ድካም ይጨምራሉ።

አለካክ

አቅም በትሬድሚል ወይም በቋሚ ብስክሌት ተፈትኖ በሜት ይገለጻል። 1 ሜት አንድ ሰው አርፎ ተቀምጦ የሚጠቀምበት ኦክስጅን ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። መሣሪያው በሌለበት ታማሚው በ6 ደቂቃ ውስጥ በደልዳላ መተላለፊያ የተራመደው ርቀት በሜትር ይለካል።

የሥልጠና ጥቅም

ዕረፍት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ በትሮንድሄም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውን 51 ሰዎች ተከታትሏል። ሠልጣኞቹ ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ እያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ የሚቆዩ 4 ዙር ጠንካራ እንቅስቃሴዎችን ሠሩ። ልባቸው በፊብሪሌሽን የሚያሳልፈው ጊዜ ከ8.1 ወደ 4.8 በመቶ ወረደ፤ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውም አደገ። ባልሠለጠኑት ላይ ግን ጊዜው ከ10.4 ወደ 14.6 በመቶ ከፍ አለ።

ጥንቃቄ

መጠኑ ሲያልፍ ጥቅሙ ይገለበጣል፦ 90 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው የስዊድን የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ደጋግመው የተሳተፉ ሰዎች ላይ የምት መዛባት በርክቶ ታይቷል። ሥርዓት ባጣ ምት የእጅ ሰዓት ቆጠራ ስለሚያሳስት፣ ለጀማሪ እየተራመዱ ሳይቆራረጡ መነጋገር መቻል የተሻለ መለኪያ ነው። የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ሲመጣ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ረጅም ኪውቲን የመሳሰሉ አንዳንድ የምት ሕመሞች በእንቅስቃሴ ጊዜ ለሕይወት የሚያሰጋ መዛባት ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የመዛባቱ ዓይነት በኤሌክትሮካርዲዮግራም ተለይቶ መታወቅ አለበት።