የአባቴ ባትሪና የኒውዮርኩ ስደተኛ

በእኛ አነጋገር ባትሪ ማለት መብራቱ ነው። ውስጡ የሚገባው ደግሞ ድንጋይ። «ባትሪው ድንጋይ ጨርሷል» ስንል እዚህ አሜሪካ ያደጉት ልጆቻችን ግራ ይገባቸዋል፤ ለእነሱ ባትሪ የሚባለው ድንጋዩ ነው። እንደ ተማርኩት ከሆነ ልክ ናቸው ማለት ነበረብኝ። ግን ቃሉ ራሱ ከጥንትም ዘዋሪ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ ጠርሙሶችን ደርድሮ ሲያያይዝ ስሙን የተዋሰው ጎን ለጎን ከሚሰለፉ መድፎች ነው። ከመድፍ ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ድንጋይ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ መብራት! (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ወሬውን ያስጀመረኝ እህቴ ከአገር ቤት ስትመጣ በርበሬና ሽሮው መሀል ጠቅልላ ያመጣችልኝ የአባታችን ባትሪ ነው። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ፣ አባባ አውራ ጣቱን በሚያሳርፍበት በኩል ኒኬሉ ተልጦ ናሱ የወጣ። አባባ የገጠር ድሬሰር ነበር። ሌሊት በር ሲንኳኳ ከመደቡ መጀመሪያ የሚነሳው ባትሪው ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ድንጋዩ ውስጡ እንዳለ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። እማማ ከዚያ ወዲህ ሲበራ አላየችም።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ለክላንሼ በ1866 የሠራው ሴል ጠርሙስ ሙሉ ፈሳሽ ነበር፤ ይዘኸው ብትሮጥ ይደፋል። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1880ዎቹ አጋማሽ ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለውሶ ሊጥ አደረገው፤ የዚንኩን ቆርቆሮ ደግሞ ዕቃውም አንዱ ዋልታም እንዲሆን አደረገ። በቃ፣ ድንጋይ ተወለደ። መሀሉ ላይ ያለው ጥቁር ዘንግ ካርቦን ነው፣ ዙሪያውን የታጨቀው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ። እኛ ትምህርት ቤት ሰሌዳው ሲነጣ የሞተ ድንጋይ ከየቤታችን አምጥተን እየፈለጥን ሰሌዳ የቀባነው በዚሁ ዱቄት ነው። ኬሚስትሪ መምህራችን የዱቄቱን ስም ሲነግረን እጃችን ላይ ገና አልለቀቀም ነበር።

መብራቱ ግን የተወለደው እዚህ፣ ኒውዮርክ ነው። አኪባ ሆሮዊትዝ የሚባል ከሚንስክ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገደማ እዚህ ሲደርስ ስሙን ኮንራድ ሁበርት አለው። የሲጋራ ሱቅ ሞከረ፣ ምግብ ቤት ሞከረ፤ ታክሲ ተራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን የሥራ ታሪክ ማብራሪያ ሳያስፈልገን እናውቀዋለን። በመጨረሻ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጌጣ ጌጦች ወደ መሸጥ ገባ። ዴቪድ ሚሰል የተባለ ፈልሳፊ ከእሱ ጋር እየሠራ፣ ድንጋዮቹን በቱቦ ውስጥ በሰልፍ ደርድሮ ጫፉ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ ያደረገበትን መሣሪያ አስመዘገበ። ፓተንቱ የወጣው ጥር 10 ቀን 1899 ነው። ሀብቱና ስሙ ለሁበርት ሆነ፤ ሚሰልን ዛሬ የሚያነሳው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ባትሪ ባየሁ ቁጥር የማመሰግነው ሚሰልን ነው። ከአባባ ባትሪ ጋር ብታስተያዩት ሐሳቡ ያው ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም!

የመጀመሪያዎቹን ለኒውዮርክ ፖሊሶች ሰጧቸው። ድንጋዩ ደካማ፣ የአምፖሉ ክር ደግሞ ካርቦን ስለነበር አብርቶ መቆየት አይቻልም፤ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ብቻ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ «ፍላሽላይት» የሚሉት ከዚያ የቀረ ነው። የተንግስተን ክር በ1910 አካባቢ ሲመጣ ነው የምር መብራት የሆነው። ሁበርት በ1928 ሲሞት ሚሊየነር ነበር፣ አብዛኛውን ሀብቱን ለበጎ አድራጎት ተወ።

እሺ፣ ጥገናው። ድንጋዮቹ አብጠው ቱቦው ውስጥ ተጣብቀዋል። ዚንኩ ዕቃም ነዳጅም ስለሆነ ሲሠራ እየተበላ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም «ኮምጣጤ አፍስሱበት» ይላል። ኮምጣጤ ለአልካላይን ነው፣ እሱ ሲፈስ ቤዝ ነውና። የድሮው ድንጋይ ፍሳሽ ወደ አሲድ ያደላል፣ ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ። ሁለት ቀን ዘፍዝፌው፣ በእንጨት ዘንግ ቀስ ብዬ ገፍቼ አወጣኋቸው። በመዶሻ ቢሆን ቱቦው ይጎብጥ ነበር።

የታችኛው ሞላ ዝገት ነበረው፣ በብርጭቆ ወረቀት ነጣ። ዋናው ሥራ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። አምፖሉ 2.5 ቮልት፣ 0.3 አምፔር ነው፤ ሲበራ መከላከያው 8 ኦም ገደማ ማለት ነው። የዛገ መገናኛ 2 ኦም ብቻ ቢጨምርበት አንድ አምስተኛው ቮልቴጅ እዚያ ይቀራል፣ ብርሃኑ ግን ከግማሽ በላይ ይወርዳል፤ የክር አምፖል ቮልቴጅ ሲጎድልበት እንዲህ ነው። አባባ ባትሪው ሲደክም ጎኑን በመዳፉ መታ መታ የሚያደርገው ለዚህ ነበር። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣቱም ከንቱ አልነበረም፦ ሙቀት ውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ለጊዜው ያነቃቃል።

አንጸባራቂውን ግን አልነካሁትም። ያ የብር ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ ከተፈተገ አይመለስም።

ልጄ «ኤልኢዲ አድርግበት» አለኝ። ክርክሩ ትክክል ነው፦ የክር አምፖል ከሚበላው አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል፣ ኤልኢዲ በዚያው ድንጋይ ብዙ እጥፍ ሰዓት ያበራል። ለሰማያዊው ኤልኢዲ በ2014 ኖቤል የተሰጠውም ነጭ ብርሃን የተገኘው በእሱ በኩል ስለሆነ ነው፤ ገጠር ላለ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለ ሽልማት ብዙ አላውቅም። ለሥራ ቢሆን አሁኑኑ እቀይረው ነበር። ግን እማማ የምታውቀው ብርሃን ቢጫ ነው። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ነጭ ብርሃን ባሳያት የማን እንደሆነ አታውቀውም። ባለጥርሱን የ2.5 ቮልት አምፖል ፈልጌ አዘዝኩ።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደውዬላት፣ የመኪናዬን መብራት አጥፍቼ አበራሁት። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ጠቅታውን ድጋሚ አሰማሁዋት፣ አጥፍቼ አበራሁ።

«የአባትህ ነው» አለች። ቆየት ብላ፣ «ስትጨርስ ድንጋዩን አውጣው፣ እሱ ሁልጊዜ ያወጣው ነበር።»

አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት።